የከተማ የሽያጭ ታክስ ከበጀቱ ጋር ሲመዘን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በዳላስና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች የከተማችንን የሒሳብ ሪፖርት ስናነብ የምናነሣቸው ናቸው፤ ሕጉም ምሳሌውም የቴክሳስ ነው።

ደረሰኜ ላይ የማየው 8.25 በመቶ በሙሉ የከተማው ነው?

አይደለም፤ አብዛኛው የግዛቱ ነው። ዳላስ ወይም ጋርላንድ ውስጥ የ100 ዶላር እራት ቢበሉ፣ ከሚከፍሉት 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ታክስ ውስጥ 6 ዶላር ከ25 ሳንቲሙ ወደ ቴክሳስ ግዛት ካዝና ይሄዳል። አንድ ዶላር ለከተማው ይደርሳል። የቀረው አንድ ዶላር አውቶቡሱንና የከተማ ባቡሩን ለሚያንቀሳቅሰው ለዳርት ነው።

ሕጉ ለግዛቱ 6.25 በመቶ፣ ለአካባቢ አስተዳደሮች ደግሞ ሁሉም ተደምሮ ቢበዛ 2 በመቶ ይፈቅዳል። ይህችን 2 በመቶ እንዴት እንደሚካፈሏት ከከተማ ከተማ ይለያያል። ፍሪስኮ ለምሳሌ የዳርት አባል ስላልሆነች ሁለተኛውን አንድ በመቶ ለሁለት ከፍላ ለኢኮኖሚ ልማትና ለማኅበረሰብ ልማት ኮርፖሬሽኖቿ ትሰጠዋለች። የሁለት ከተሞችን ገቢ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያቺኛዋ ትበልጣለች» ከማለት በፊት፣ ቁጥሩ የአንድ በመቶው ነው ወይስ የሁለት በመቶው የሚለውን ማጣራት ያስፈልጋል።

ከአገር ቤቱ ተጨማሪ እሴት ታክስ በምን ይለያል?

የኢትዮጵያው 15 በመቶ ከአስመጪው እስከ ቸርቻሪው በየደረጃው ይሰበሰባል፤ ነጋዴው ሲገዛ የከፈለውን ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል። እዚህ ግን ታክሱ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዕቃው መጨረሻ ተጠቃሚው እጅ ሲገባ ነው። መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ነጋዴ የማረጋገጫ ወረቀቱን ሰጥቶ ያለ ታክስ ይገዛል። ስለዚህ በከተማው ያሉ የጅምላ መጋዘኖች ቢጨናነቁም የከተማው ገቢ ላይ ላይታይ ይችላል።

ከተማችን ውስጥ ይህን ያህል ንግድ እያለ ገቢው ለምን ያንሳል?

ንግዱ ሁሉ ታክስ ስለማይከፈልበት ነው። የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጥሬ ቡና፣ ሥጋና አትክልት የሽያጭ ታክስ የለባቸውም። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም እንዲሁ። ዶሮዋ ከመደብር ስትገዛ ነፃ ናት፤ ወጥ ሆና ምግብ ቤት ስትቀርብ 8.25 በመቶ ይጨመርባታል።

ብዙ ሰው የሚደነቀው በመኪናው ነው። በመኪና ሽያጭ ላይ የሚከፈለው 6.25 በመቶ ራሱን የቻለ የግዛት ታክስ ሲሆን ከተማው ከዚያ ምንም አይደርሰውም። ከአውራ ጎዳናው ዳር የተደረደሩት የመኪና መሸጫዎች በቀን በመቶ ሺዎች ዶላር የሚገመት መኪና ቢሸጡም፣ በመኪኖቹ ዋጋ በኩል በዚህ የበጀት መስመር ላይ ምልክት አይተዉም። ቤንዚንም የራሱ የተለየ ታክስ አለው። የከተማውን ገቢ የሚያንቀሳቅሱት ምግብ ቤቶች፣ የልብስና የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫዎች፣ እንዲሁም ድርጅቶች ለራሳቸው አገልግሎት የሚገዙት መሣሪያ ነው።

ከተሞች ይህን አንድ ገቢ ለምን እንዲህ አጥብቀው ይከታተሉታል?

የንብረት ታክስ በአንጻሩ የታወቀ ነገር ነው። የቤቱ ግምት ይወጣል፣ ምክር ቤቱ መጣኔውን ያጸድቃል፣ ደረሰኙ በኦክቶበር አካባቢ ይላካል፣ የመክፈያው ቀን ጃንዋሪ 31 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የሚያስገርም ነገር አይኖርም። የሽያጭ ታክስ ግን ከሰዉ ኪስ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የቴክሳስ ሕግ፣ ትልልቅ ከተሞች ለመደበኛ ሥራቸው ከነባር ንብረት የሚሰበስቡት ታክስ ያለ ሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ3.5 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቧል። የገቢ ግብር መጣል አይችሉም። የፖሊሱና የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደመወዝ ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ሲያድግ፣ ዓይን ሁሉ ወደ ሽያጭ ታክሱ ይዞራል።

ዛሬ የከፈልኩት ታክስ ከተማው እጅ መቼ ይገባል?

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ። ነጋዴው በዲሴምበር የሰበሰበውን እስከ ጃንዋሪ 20 ለግዛቱ የሒሳብ ሹም፣ ማለትም ለኮምፕትሮለሩ ያስገባል። ኮምፕትሮለሩ ለየከተማው ከፋፍሎ በፌብሩዋሪ ይልካል። ከተማው ራሱ ከነጋዴው አንድ ሳንቲም አይሰበስብም። በመንገድ ላይ ጥቂት ይቀነሳል፦ በጊዜው ያሳወቀ ነጋዴ ግማሽ በመቶ ለራሱ ያስቀራል፤ ግዛቱም ከከተማው ድርሻ ላይ ለሰብሳቢነቱ 2 በመቶ ያነሣል።

ይህ መዘግየት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ በ2020 ታይቷል። መደብሮችና ምግብ ቤቶች በኮቪድ ምክንያት በተዘጉበት በኤፕሪል ወር ለከተሞች የደረሰው ክፍያ የፌብሩዋሪ ሽያጭ ነበር። የኤፕሪሉ ሽያጭ የታየው በጁን ክፍያ ላይ ነው። ጎዳናው ጭር ብሎ ሳለ በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ገና የደህና ቀን ቁጥር ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ወርሃዊ ቁጥር ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ የየትኛው ወር ሽያጭ ነው?» የሚለው ነው።

የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 የሚጀምር ከሆነ፣ በኦክቶበር የገባው ክፍያ ለምን በአዲሱ ዓመት አይቆጠርም?

በኦክቶበር የሚገባው የኦገስት ሽያጭ፣ በኖቬምበር የሚገባው ደግሞ የሴፕቴምበር ሽያጭ ስለሆነ ነው። ሽያጩ የተካሄደው ባለፈው የበጀት ዓመት ውስጥ ነውና ብዙ ከተሞች ሁለቱንም ወደ ኋላ መልሰው በዚያው ዓመት ይመዘግቧቸዋል። የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ገቢ በዲሴምበር የሚደርሰው የኦክቶበር ሽያጭ ይሆናል። ገንዘቡ በገባበት ወር የሚመዘግቡ ሪፖርቶችም አሉ። ከሁለቱ የትኛውም ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ አድርጌ፣ የሌለ ጉድለት አገኘሁ ብዬ ሁለት ሰዎችን አስደንግጫለሁ።

በጀቱን ለአሥራ ሁለት አካፍሎ በየወሩ ማወዳደር ምን ችግር አለው?

ወራት እኩል አይደሉም። በዲሴምበር ሰው ለገና ይሸምታል፤ በጃንዋሪ የክሬዲት ካርድ ዕዳውን ይከፍላል። በዚህ ላይ ትናንሽ ነጋዴዎች የሚያሳውቁት በየሦስት ወሩ፣ በጣም ትናንሾቹ በዓመት አንዴ ነው። በዚህ ምክንያት የፌብሩዋሪ፣ የሜይ፣ የኦገስትና የኖቬምበር ክፍያዎች የሩብ ዓመት አሳዋቂዎችን ስለሚጨምሩ ከጎረቤቶቻቸው ይወፍራሉ። የፌብሩዋሪው የዓመት አሳዋቂዎችንም ጭምር ይዞ ስለሚመጣ ከሁሉም ይለያል።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። አንድ ከተማ ከሽያጭ ታክስ 48,000,000 ዶላር አገኛለሁ ብሎ በጀት ያዘ እንበል። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በወር 4,000,000 ነው። የዲሴምበር ሽያጭ 4,600,000 አስገባ፤ «600,000 ትርፍ!» ተባለ። የጃንዋሪው 3,700,000 ሆነ፤ «300,000 ጎደለ!» ተባለ። አሁን ያለፉት ሦስት ዓመታት መዝገብ ይከፈት። ዲሴምበር በአማካይ የዓመቱን 10 በመቶ፣ ጃንዋሪ 7.5 በመቶ ሲያስገቡ ኖረዋል። ስለዚህ ከዲሴምበር የሚጠበቀው 4,800,000፣ ከጃንዋሪ ደግሞ 3,600,000 ነበር። ደስ ያሰኘው ወር በ200,000 የጎደለ፣ ያስደነገጠው ወር በ100,000 የተረፈ ሆኖ ተገኘ።

የዓመቱን መጨረሻ ለመገመትም መንገዱ ይኸው ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር በልማዳቸው 8 እና 8.5 በመቶ ቢያስገቡ፣ አራቱ ወራት አንድ ላይ የዓመቱን 34 በመቶ ይይዛሉ። በአራቱ ወራት የገባው 16,200,000 ከሆነ፣ በጀቱን ለአሥራ ሁለት በሚያካፍለው ስሌት ከ16,000,000 በ200,000 ይበልጣል። በልማዱ ስሌት ግን 34 በመቶው 16,320,000 ስለሆነ 120,000 ጎድሏል። 16,200,000ን ለ0.34 ሲያካፍሉ የዓመቱ ግምት 47,650,000 ገደማ ይመጣል፤ ከበጀቱ በ350,000 ዶላር ያህል ያነሰ ማለት ነው። ያው ገንዘብ፣ ያው አራት ወር፣ ተቃራኒ ዜና።

እኔ ራሴ ልከታተል ብል ከየት ልጀምር?

የኮምፕትሮለሩ መሥሪያ ቤት ለየከተማው የከፈለውን በየወሩ በድረ ገጹ ያወጣል፤ የብዙ ዓመት ቁጥርም አለው፤ ለማየት ማንም ፈቃድ አይጠይቅዎትም። የጸደቀውን በጀት ከከተማው ድረ ገጽ ያገኛሉ። አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል፦ የሽያጩ ወር፣ የገባው ገንዘብ፣ የአምናው ተመሳሳይ ወር፣ በልማዱ የሚጠበቀው፣ ልዩነቱ። ከዚያ በላይ የተራቀቀ ነገር እምብዛም አያስፈልግም። በየወሩ ሩብ ሰዓት ነው።

የልማዱን መቶኛ ሲያወጡ 2020ንና 2021ን ባያካትቱ ይሻላል። የእነዚያ ዓመታት ወራት ጠባያቸውን የያዙት ከገበያው ሳይሆን ከመዘጋቱና ከድጎማው ነው።

«ገቢው ከአምናው ጨምሯል» ከተባለ በጀቱ ሞላ ማለት አይደለም?

አይደለም፤ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አምና 47,000,000 የገባለት ከተማ ዘንድሮ 48,000,000 በጀት ከያዘ፣ በጀቱ ከመጀመሪያው 2.1 በመቶ ዕድገት ታሳቢ አድርጓል። በ1 በመቶ ያደገ ገቢ ከአምናው በልጦ ከበጀቱ ያንሳል። አገር ቤት «የዕቅዱን 97 በመቶ አሳክተናል» የሚባለውን ሪፖርት የለመደ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ዕቅዱ ምን ያህል እንደተለጠጠ ሳይታወቅ 97 በመቶው ብቻውን ምንም አይናገርም።

አንድ ወር ያለ ምክንያት ቢያሻቅብ ወይም ቢያሽቆለቁል?

ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ገበያው አይደለም። ግዛቱ አንድን ድርጅት ኦዲት አድርጎ የዓመታት ውዝፍ ቢያስከፍል የከተማው ድርሻ በአንድ ወር ክፍያ ውስጥ ይገባል። አንድ ትልቅ ነጋዴ ለሁለት ወር ዘግይቶ አንድ ላይ ቢያሳውቅ አንዱ ወር ይሰምጣል፣ ቀጣዩ ይጎርፋል። ሲብስ ደግሞ ታክሱ በስህተት ለሌላ ከተማ ተመዝግቦ ይቆይና ሲታረም፣ ያላግባብ የወሰደው ከተማ መመለስ ይኖርበታል። ቀድሞ ያጠፋውን ገንዘብ ማለት ነው።

ኮምፕትሮለሩ ለከተማው የሚልከው ዝርዝር የወቅቱን፣ ያለፉ ወራትንና የኦዲት ገቢን ለያይቶ ያሳያል። ከተማዎ በወርሃዊ ሪፖርቱ ጠቅላላውን ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ይህን ዝርዝር ይጠይቁ። የኦዲት ገቢ ከተገኘበት ወር ላይ ተነሥቶ «ኢኮኖሚው አንሠራራ» የሚል አቀራረብ ሰምቻለሁ፤ ያንን ገንዘብ ቀንሰው ሲያዩት ወሩ ከአምናው ያነሰ ነበር።

በኦገስት አንድ ቅዳሜና እሑድን ይዞ የሚውለው ታክስ የማይከፈልበት የትምህርት ቤት ሸመታም አለ። ከ100 ዶላር በታች የሆነ ልብስ፣ ጫማና የተማሪ ቦርሳ ያኔ ነፃ ነው። በየዓመቱ ስለሚመጣ ግን በልማዱ መቶኛ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ እንደ ሰበብ ሲቀርብ አይቀበሉት።

በኢንተርኔት የምገዛው ዕቃ ታክስ ለየትኛው ከተማ ይገባል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2018 በዌይፌር ጉዳይ ላይ ከወሰነ በኋላ፣ ግዛቶች በውስጣቸው ሱቅ የሌለውን ሻጭም ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ ቻሉ። ቴክሳስ ከኦክቶበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ይህን ተግባራዊ አድርጋለች። እንደ አማዞን ያለ ገበያ የሌሎች ሻጮችን ዕቃ ሲሸጥ ታክሱን የሚያሰላው ዕቃው በሚደርስበት አድራሻ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ደጅዎ ላይ ሲቀመጥ አንድ በመቶው ለሚኖሩበት ከተማ ነው።

ጉዳዩ የሚወሳሰበው ሻጩ ቴክሳስ ውስጥ ቢሮ ሲኖረው ነው። ትእዛዙን የተቀበለው የቴክሳስ የንግድ ቦታው ከሆነ፣ ታክሱ በአብዛኛው ለዚያ ቦታ ከተማ ሲሰጥ ኖሯል። ራውንድ ሮክ ከዴል ኩባንያ የምታገኘው የሽያጭ ታክስ የታወቀው በዚህ ነው። ኮምፕትሮለሩ ይህን ደንብ ልቀይር ሲል ተጠቃሚ የሆኑት ከተሞች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። የመጀመሪያውን ደንብ የሚደግፉ ከተሞችን በጀት ሲያነቡ ይህን ማስታወስ ነው፤ ገቢያቸው በሕግ አንቀጽ አንድ ቃል ሊወድቅ ይችላል።

ገቢው በየዓመቱ እያደገ ከተማው ግን ገንዘብ አጠረኝ የሚለው ለምንድን ነው?

አንዱ መልስ የዋጋ ንረት ነው። በጁን 2022 የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ካንድ ዓመት በፊት ከነበረው በ9.1 በመቶ ጨምሮ ነበር። ዕቃ ሲወደድ ታክሱም አብሮ ስለሚወፍር ገቢው ያደገ ይመስላል፤ አስፋልቱም፣ የእሳት አደጋ መኪናውም፣ የጤና መድኅኑም እኩል ተወድደዋል።

ሁለተኛው ብዙም የማይወራ ነው። ከተሞች አንድ ትልቅ መደብር ለመሳብ፣ ከሚያስገባው የሽያጭ ታክስ ከፊሉን ለተወሰነ ዓመት መልሰው ለመስጠት ውል ይገባሉ። በቴክሳስ ይህ ከሚፈቅደው የሕግ ምዕራፍ ቁጥር ተነሥቶ «የ380 ስምምነት» ይባላል። በወርሃዊው ሪፖርት ላይ ሙሉው ገንዘብ ገቢ ሆኖ ይታያል፤ ተመላሹ ግን በሌላ ገጽ፣ በወጪ በኩል ተመዝግቦ ይገኛል። ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ያላነበበ ሰው የከተማውን ገቢ አብዝቶ ይገምታል።

ገቢው ከበጀት በታች እንደሚሆን ሲታወቅ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ የሚያዘው ክፍት የሥራ መደብ ነው፤ ሰው አይባረርም፣ በለቀቀው ቦታ ግን አይቀጠርም። ቀጥሎ የተሽከርካሪ ግዢና የመንገድ ጥገና ወደሚቀጥለው ዓመት ይገፋሉ። ጉድለቱ ከበረታ ምክር ቤቱ በጀቱን ያሻሽላል። መጠባበቂያው የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካና የካናዳ የመንግሥት ፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር ከተሞች ቢያንስ የሁለት ወር መደበኛ ገቢ ወይም ወጪ የሚያህል መጠባበቂያ እንዲይዙ ይመክራል። የአንድ ጊዜ ጉድለት በመጠባበቂያ ይሸፈናል፤ በየዓመቱ የሚደጋገመውን በዚያ መሸፈን ግን የዘር እህልን እንደመብላት ነው።

ገቢው በየዓመቱ ከበጀቱ የሚበልጥ ከሆነ፣ ያ መልካም አስተዳደር አይደለም?

ትንሽ ጥንቃቄ መልካም ነው፤ 1 ወይም 2 በመቶ ዝቅ አድርጎ መተንበይን እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ልዩነቱ በየዓመቱ 6 እና 7 በመቶ ከሆነ፣ ምክር ቤቱ በክረምቱ የበጀት ውይይት ላይ ያልቀረበለት ገንዘብ አለ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ሲያሳጥር «ገንዘብ የለም» ይባላል፤ በዓመቱ መጨረሻ «ትርፉ» ነዋሪው ባልተጠየቀበት ነገር ላይ ይውላል። የአምስት ዓመት በጀትና የአምስት ዓመት ክንውን ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይህ ወዲያው ይታያል።

የአንድን መደብር ድርሻ ለይቼ ማወቅ እችላለሁ?

አይችሉም። የእያንዳንዱ ታክስ ከፋይ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው። ከተማው ከኮምፕትሮለሩ ጠይቆ ለራሱ ትንበያ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለሕዝብ ማውጣት ግን አይፈቀድለትም። የፋይናንስ ኃላፊው በስብሰባ ላይ «አንድ ትልቅ ከፋይ» ብሎ ስሙን ቢያልፍ የሚደብቀው ነገር ስላለ ላይሆን ይችላል። ይልቅ «ከፍተኛዎቹ 10 ወይም 25 ከፋዮች አንድ ላይ የገቢውን ስንት በመቶ ይይዛሉ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ የማንንም ስም ሳያወጣ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው፤ አንዳንድ ከተሞችም በዓመታዊ ሪፖርታቸው ውስጥ ያወጡታል።